አባዬ ሹራብ የሠራ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት የክረምት መውጫው ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝና፣ ቤት እንደገባሁ ሹራቤን አውልቄ ከምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ አስጥቼው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ጥቂት ቆይቶ እርጥብ ሱፍ በሙቀት ሲደርቅ የሚያወጣው፣ የበግ ጠረን የሚመስለው ሽታ ክፍሉን ሲሞላው፣ የያዝኩትን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ጎፋ ያደግኩበት ቤት ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ኅዳር ድረስ እንዲህ ነበር የሚሸተው፤ ግማሹ ሱፍ፣ ግማሹ የበቆሎ ቅቅል።

ቤታችን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት የኪራይ ቤቶች አንዱ ነበር፤ ያለችን አንዲት ክፍል በመጋረጃ ተከፍላ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የአባዬና የእማዬ አልጋ፣ ወዲህ ደግሞ የእኔ ፍራሽ፣ ምድጃውና የእማዬ መቀመጫ ዱካ ነበሩ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲቃረብ እማዬ ለሠፈሩ ልጆች የደንብ ልብስ ሹራብ ትሠራ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔ ሁለት እጄን ዘርግቼ ክሩን እይዝላታለሁ፣ እሷ ዝቅ ባለ ድምፅ መዝሙር እያንጎራጎረች ትጠቀልለዋለች፣ ድስቱ ውስጥ ደግሞ ከነቅጠሉ የገባው እሸት በቆሎ ይንተከተካል። በቆሎው ሲበስል የእኔ እጅ በክር ታስሮ ስለሚቆይ፣ እየፈለፈለች ታጎርሰኝ ነበር።

አባዬ ግንበኛ ነበር። የተወለደው ከጋሞ ደጋ ከመጡ ሸማኔዎች ቤት ቢሆንም ገና በጉርምስናው ሽመናውን ትቶ ወጥቷል፤ ለምን እንደተወው ግን ቤታችን ውስጥ አይወራም ነበር። አያቴ ሽሮ ሜዳ፣ ጠባብ ቤቱ ውስጥ፣ እግሩን ከሽመናው ጉድጓድ እንደከተተ ያረጀ ሰው ነበር። ጴንጤ ብንሆንም መስቀል ለጋሞ ሰው የዘመድ ቀን ነውና በየዓመቱ ሄደን እንጠይቀው ነበር፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ጎፋ መጥቶ ቤታችንን አይቶ አያውቅም። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይበላሉ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ገበያው ሁለት ሦስት ቃል ይለዋወጣሉ፣ ከዚያ አባዬ «በሉ እንሂድ፣ ይመሻል» ይል ነበር፤ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ሆና። በቀሩት ቀናት ግን አባዬን በጨዋታና በሳቅ የሚችለው አልነበረም። ጸጉሩ ላይ ሲሚንቶ እንደተነሰነሰ ከሥራ ሲመጣ ድምፁ ከእሱ ቀድሞ በሩን ያልፍ ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ልገባ ስል፣ ዝናብ ያራሰው መወጣጫ እንጨት አንሸራተተውና ከፎቅ ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን ክፉኛ ተሰብሮ፣ እስከ ጭኑ ጀሶ ተደርጎለት፣ የሥራ ጓደኞቹ ተሸክመው አምጥተው አልጋው ላይ አጋደሙት። ከቤተ ክርስቲያን መጥተው ጸለዩለት። የግቢያችን ባለሱቅ እትዬ ዘይነባ በየማለዳው በቴርሞስ የአጃ ሾርባ ይዛ እየመጣች፣ «አይዞህ ጋሽ ዳና፣ አላህ አፊያ ያድርግህ» ትለው ነበር። እሱ ለሁሉም «አሜን» ይልና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ አላውቅም። እኔ ሱቅ ተልኬ ስመለስ በመጋረጃው ቀዳዳ ጀርባውን አይቼ፣ መተንፈሱን አረጋግጬ፣ ዕቃውን ቀስ ብዬ አስቀምጥ ነበር።

መስከረም ጠባ፣ ከጎፋ በታች ያለው የወንዝ ዳርቻ በአደይ አበባ ቢጫ ለበሰ፣ መስቀልም መጣ። እማዬ አባዬ የሚወደውን ጎደሬ ቀቅላ፣ በቅቤና በሚያቃጥል ዳጣ አድርጋ አቀረበችለትና፣ «አባትህ ቀርተን ሲያይ ያስባል፤ ሰው እንላክበት?» አለችው።

«ተዪው» አለ አባዬ። «እንዲህ ሆኜ እንዲያየኝ አልፈልግም።»

ከጎደሬው አንድ ሁለቴ ጎርሶ ሳህኑን ገፋው። እማዬ ሳህኑን ይዛ ወደ ምድጃው ስትመለስ ፊቷን በነጠላዋ ስትጠርግ አየኋት፤ «ዳጣው ነው» አለችኝ ሳልጠይቃት።

በጥቅምት ብርዱ ገባ። እማዬ ሹራቧን ይዛ ከዱካዋ ተነሥታ፣ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከአባዬ እግር አጠገብ ተቀምጣ መሥራት ጀመረች፤ አያወራትም፣ አታወራውም። አንድ ከሰዓት እኔ ፍራሼ ላይ የባቄላ እሸት ስፈለፍል፣ እትዬ ዘይነባ ከውጪ ጠራቻትና ሥራዋን ከነመርፌዎቹ ብርድ ልብሱ ላይ ጥላው ወጣች። ብዙም ሳትቆይ ቀጭ ቀጭ እያለ መርፌ ከመርፌ ሲጋጭ ሰማሁ። በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ፣ አባዬ ቀና ብሎ ትራሱን ተደግፎ፣ በእነዚያ ድንጋይ በጠረባቸው ትልልቅ ጣቶቹ እማዬ ካቆመችበት ቀጥሎ ይሠራ ነበር። ፊቱ ጭንቅ ያለበት ተማሪ ይመስል ነበር። እማዬ ስትመለስ ቶሎ ከብርድ ልብሱ ሥር ከተተው። እሷም ፈልጋ አገኘችው፣ ሁለት ረድፍ መጨመሩን አየች፣ ከዚያው ቀጠለች።

በማግሥቱ ማንም ሳይጠራት ሥራዋን አልጋው ላይ ትታ ወጣች። በሣልስቱም። ትታ የምትወጣበት ሰበብ አታጣም ነበር፤ ጨው፣ ከሰል፣ የጎረቤት ሕፃን። አባዬም ብቻውን የሆነ ሲመስለው ይሠራል፤ ውሎ አድሮ እኔ መኖሬንም ናቀው፤ ከዚያም ጠርቶኝ፣ «እስኪ ክሩን ያዢልኝ፤ ደግሞ ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ። እጄን ዘርግቼ አልጋው ላይ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው፣ ዐይኑን ከክሩ ሳያነሣ፣ ልጅ እያለ ትምህርት ቤት ውስጥ ስሙን ትተው «ሸማኔው» እያሉ ይጠሩት እንደነበር፣ ቃሉ ስድብ እንደነበር፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሶ መወርወሪያውን አያቴ እግር ሥር አስቀምጦ «እኔ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ አልቀበርም» ብሎት እንደወጣ የነገረኝ።

«አያቴ ምን አለህ?» አልኩት።

«ምንም አላለኝም። መሸመኑን ቀጠለ።» ክሩን ሳብ አደረገና፣ «ቢሰድበኝ ይሻል ነበር» አለ።

አያቴ መጣ። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ እማዬ ሰው ልካ እንደሆነም እስከ ዛሬ አላመነችም። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጎንበስ ብሎ በራችን ላይ ቆመ። መንገዱን ስለማያውቅ ነፋስ ስልክ ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ሰው እየጠየቀ በእግሩ ነበር የመጣው። እማዬ ደንግጣ እጁን ልትስም ስትነሣ እሱ በመጋረጃው አልፎ ገባ፤ አባዬም ሹራቡን ለመደበቅ ጊዜ አላገኘም። አንደኛው መርፌ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። እኔ አነሣሁትና ለማን እንደምሰጠው ጨንቆኝ ቆምኩ።

አያቴ ከእጄ ተቀበለኝ። አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ጀሶውን በመዳፉ ነካ ነካ አደረገ፤ ከዚያ ሹራቡን ከአባዬ ጭን ላይ አንሥቶ፣ ጠርዙን በሁለት ጣቱ እያሸ፣ ወደ በሩ ብርሃን እያዞረ አየው። ከዚያ በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገረ። ቋንቋው እምብዛም አይገባኝም ነበር፤ እማዬ ጆሮዬ ሥር ተረጎመችልኝ።

«ክሩን ታጠብቀዋለህ፤ ድሮም ታጠብቅ ነበር።»

አባዬ አየው። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ፈራሁ። ሳቅ ነበር። ያ ከእሱ ቀድሞ በሩን የሚያልፈው ድምፅ ከሄደበት ተመልሶ ክፍሏን ሞላት፤ አያቴም ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ፤ እየሳቁም ሁለቱም ዐይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። እማዬ ወደ ምድጃው ዞራ ድስቱን ታማስል ጀመር፤ ድስቱ ውስጥ እኮ የሚማሰል ነገር አልነበረም፣ አጥንት ነበር። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባል የለ፣ በዚያ ቀን የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ከበሬ ቅርጫቸው አጥንት አካፍለውን ነበር። አያቴ ሾርባውን ፉት እያለ፣ እንጀራ እያጠቀሰ፣ ለአባዬ ቅልጥሙን አውጥቶ በእጁ አጎረሰው። በልጅነቴ አባዬን ሰው ሲያጎርሰው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜ እሱ ነበር የሚያጎርሰን። ያን ቀን ፀሐይዋ እስክትጠልቅ «ይመሻል» ያለ የለም።

በኅዳር ጀሶው ተፈታ። መንገድ ዳር የሽንብራ እሸት ከነሥሩ ታስሮ የሚሸጥበት ወቅት ነበርና፣ አባዬ በምርኩዝ ከግቢው በር እስከ ሱቁ ደርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመለስ አንድ እስር ይዞልኝ መጣ። እግሩ ግን አጠረ፤ ዳግመኛ ከፎቅ ላይ አልወጣም። የሥራ ጓደኞቹ አነጋግረውለት የግንባታ ዕቃ መጋዘን ጠባቂ ሆነ፤ ወደ ሽመናም አልተመለሰም። ማታ ማታ እማዬን ያግዛት ነበር፤ በሩ ተዘግቶ ብቻ። ሰው ካንኳኳ መርፌዎቹ ወዲያው እሷ ጭን ላይ ይገኛሉ፤ ይህ ልማዱ አልለቀቀውም። ለእኔም አንድ ሹራብ ሠራልኝ፤ የግራ እጅጌው ከቀኙ ይረዝም ስለነበር አንድ ጊዜ አጥፌ እለብሰው ነበር። አያቴ ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ፣ እግሩ በቻለ ጊዜ ሁሉ እየመጣ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በልጁ ሥራ ላይ እንከን ሲፈልግ ይውል ነበር።

ያኔ አባዬ ያረጀ ሰው ይመስለኝ ነበር። አሁን እኔ ያን ጊዜ ከነበረበት ዕድሜ አልፌያለሁ፤ ወደ ግድግዳው ዞሮ የተኛው ሰው ገና ወጣት እንደነበር፣ ከአልጋው ጫፍ የተቀመጠችውም ከእሱ የምታንስ ልጅ እግር ሴት እንደነበረች ሳስብ ይደንቀኛል። የምኖረው እዚያው ክፍለ ከተማ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ክፍሎቻችን ብዙ፣ በሮቻችንም ጠንካሮች ናቸው፣ ብርድ አያገኘንም። ከልጆቼ አንዱ ሲከፋውና ዝም ሲል፣ በሩን አንኳኩቼ «ምን ሆነህ? ንገረኝ እንጂ» እላለሁ፤ መልስ ካጣሁም ደግሜ እጠይቃለሁ። እማዬ ምንም አልጠየቀችም። ከአጠገቡ ተቀምጣ ትሠራ ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ፣ ጨው አልቋል ብላ ትወጣ ነበር።