ማንበብ ያቃተን ስድስት ቃል

ይህ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም በሙሉ ተናግሬው አላውቅም፤ ግማሹን እየዋጥኩ ነው የማወራው። የምውጠው እኔ ሞኝ የሆንኩበትን ግማሽ ስለሆነ የሚተርፈው ታሪክ ሁልጊዜ አጭር ነው። አሁን ሰባ ሁለት ዓመት ገብቶኛል። የዋጥኩት ነገር እንደ ድሮው አልፈጭ እያለኝ ስለተቸገርኩ ልጻፈው ብያለሁ።

ያኔ አል-ሳሃፋ በምትባለው ሰፈር፣ የሐበሻ ልጆች በሚማሩባት ትንሽ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሦስት ክፍል፣ አንድ የውሃ ጋንና እኔ። ልጆቹ ጠዋት የመንግሥት ዐረብኛ ትምህርት ቤት ውለው ከሰዓት እኛ ጋ ይመጣሉ። የብዙዎቹ እናት ሐበሻ፣ አባት ሱዳናዊ ነው። አማርኛቸው ያነክሳል፤ «አንቱ» የሚባል ነገር ጭራሽ አያውቁም። «ኡስታዝ፣ አንተ ዛሬ ፀጉርህን አላበጠርክም» ይሉኛል፣ ራሴ እንደ እንቁላል ልሙጥ መሆኑን እያዩ።

«ኡስታዝ ተባሺር» ብለው ስም አውጥተውልኝ ነበር። ኡስታዝ መምህር፣ ተባሺር ጠመኔ ነው። ከኮሌታዬ እስከ ጫማዬ ነጭ አቧራ ለብሼ ነበርና የምዞረው፣ ስሙ ይገባኛል።

ከዚያ አንድ ደግ ነጋዴ ለልጆቹ ታብሌት ለገሰ። የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነበርኩ። «ፊደል በእጅ ነው የሚለመደው፣ ጣት ካልደከመ ጭንቅላት አይይዝም» እያልኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጮህኩ። በሦስተኛው ሳምንት ዝም አልኩ። ምክንያቱ ጉልበቴ ነው። ሰሌዳ ቆመው ይጽፉበታል፤ ታብሌት ግን ቁጭ ብለው ያስተምሩበታል። ዓይኔም ቢሆን ተመቸው። ሁለት ጣቴን መስታወቱ ላይ አሳርፌ ከፈት ሳደርጋቸው አንዲቷ ፊደል እንደ ሐብሐብ ታብጣለች። እግሩ የተሰበረውን መነጽሬን ማስጠገን ትቼ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

የመሣሪያው አሠራር እንዲህ ነው። ልጁ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ነካ ያደርጋል፤ የቀረውን መሣሪያው ራሱ ጨርሶ ያቀርብለታል። ልጁ መምረጥ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሲያገኝ ኮከብ ይበተንለታል። እርማት የለ፣ ቀይ እስክሪብቶ የለ። ደብተር ማስያዝም ተውኩ። እኔ ሻይ እጠጣለሁ፤ መሣሪያው ያስተምራል፤ ደመወዙን የምቀበለው ግን እኔ ነኝ። ልጆቹም ስሜን ቀየሩት፤ «ኡስታዝ ሻሒን» ሆንኩ። ቻርጀር ማለት ነው፤ ቀኑን ሙሉ «ቻርጀሩ የታለ?» እያልኩ ስለምዞር።

ከሁሉም የምትበልጠው ሐያት ነበረች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ኮከብ በመሰብሰብ የሚደርስባት አልነበረም። አባቷ በሕፃንነቷ ስለሞተ ከእናቷ ጋር ካላክላ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። እናቷ ዘሃራ የወሎ ሴት ናት። ሪያድ ሰፈር አንድ ትልቅ ቪላ ስታጸዳ ውላ ማታ ትመለሳለች። ፊደል አልቆጠረችም። ዕረፍት ባገኘች ቁጥር ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ልጄ ጻፈች?»

«ዘሃራ፣ ልጅሽ ከክፍሉ አንደኛ ናት።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያ እኔ ያልሆነልኝን እሷ ትጽፍልኛለች።»

እሷ የጠየቀችኝ ስለ መጻፍ ነበር። እኔ የመለስኩት ስለ ኮከብ። ልዩነቱን ያወቅኩት በኋላ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሐያት የቤቴን በር ደበደበች። ቤቴ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነበር። ነጠላ ጫማዋ አንዱ የራሷ፣ አንዱ የእናቷ ነው።

«ኡስታዝ፣ እናቴን ከሻ ወሰዳት!»

ከሻ እዚያ አገር አፈሳ ነው። ዘሃራ ማታ ከሥራ ስትመለስ ሐፍላ፣ ማለትም ሚኒባስ፣ ስትጠብቅ ነው የያዟት። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ካርዷ፣ እጇ ላይ አልነበረም። እንደዚያ ያሉትን ሴቶች እኩለ ቀን ላይ በአውቶቡስ ጭነው ወደ ጠረፍ ሊወስዷቸው ነው። ካርዱ ከዚያ በፊት ከደረሰ ትለቀቃለች። ካርድ አላት፤ ጊዜውም አላለፈም። ችግሩ ግቢያቸው ሌባ ከገባ ወዲህ ደብቃዋለች፤ የት እንደደበቀችው ለልጇም አልነገረችም። ሐያት ሌሊቱን ሙሉ ክፍሏን ስትገለብጥ አድራለች።

«እሷኑ ሄደን እንጠይቃት። ያላ!» አልኳት። ስልኳን እኔ ቤት አስቀመጥን። እኛ ዘንድ ፖሊስ ቤት ስልክ ይዞ የሚሄድ የለም፤ ከወሰዱብህ ወሰዱብህ ነው። መነጽር ስለመያዝ ግን አላሰብኩም። መነጽር እንዳለኝም ረስቼው ነበር።

በሩ ላይ ያገኘነው ጠባቂ በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ፊቱ የማያስፈራ ሰው ነው።

«መግባት የለም፣ ያ ሐጅ» አለኝ፤ ሽማግሌን በአክብሮት የሚጠሩት እንዲህ ነው። «መልእክት ካላችሁ ግን ጻፉ፤ አደርስላችኋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ወረቀትና እስክሪብቶ ራሱ ሰጠን። ሐያት ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ በዐረብኛ ጀመረች። እጇ እንደ ውሃ ይፈሳል። የመንግሥት ትምህርት ቤቷ ድሃ ስለሆነ ታብሌት የሚባል ነገር አልደረሰበትም፤ እዚያ ያለው ጠመኔና አለንጋ ነው።

እጇን ያዝኳት። «በዐረብኛ አይሆንም! እናትሽ ቤት ውስጥ የደበቀችውን ነገር ፖሊሱ ያንብበው? በአማርኛ ጠይቂ፤ ውስጥ ከታሰሩት አንዷ አንብባላት በአማርኛ ትመልሳለች።» ካርቱም የኖረ ሐበሻ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያስበው። ብልህነቴ ለራሴ ደስ አለኝ።

ሐያት አዲስ ገጽ ላይ «ካ»ን ለመሳል ሞከረች። የሆነች የተሰበረች ወንበር የምትመስል ነገር ወጣች። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስታ ወረቀቱን ታያለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«የቀረው እንዲወጣ።»

ሳቅኩ። እግዜር ይይልኝ፣ እዚያ በር ላይ ሳቅኩ። ከዚያ «አምጪው» ብዬ ተቀበልኳት። ወረቀቱን ሳየው ጭጋግ ነው። የጻፍኩት የት እንደጀመረ አይታየኝም፤ አንዱን ፊደል በሌላው ላይ ጫንኩት። መልሼ ሰጠኋትና በአፌ ፊደል እስል ጀመር።

«ቀኝ እግሯን አስረዝሚ። አይ፣ ሌላኛው ቀኝ!»

ጠባቂው ተገርሞ አየን። «ያ ሐጅ፣ ደብዳቤ ነው ወይስ ሥዕል?»

«ካርዱ የት ነው» የሚለውን ለመጻፍ ሻይ ተፈልቶ የሚጠጣበት ጊዜ ፈጀን። እንደምንም ሆኖ ገባ። ብዙም ሳይቆይ መልሱ በዚያው ወረቀት ጀርባ ተጽፎ መጣ። ውስጥ ያለች አንዷ ሴት በጥድፊያ የጻፈችው ነው፤ ፊደሉ ተጋድሞ፣ ተቀጣጥሎ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ።

ሐያት ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

«ይሄ አማርኛ ነው?»

«ታዲያ ምን ሊሆን ነው?»

«የኛን አይመስልም፣ ኡስታዝ። የኛ ቀጥ ያለ ነው።»

የሰው እጅ የጻፈው አማርኛ አይታ አታውቅም ማለት ይቻላል። የምታውቀው የመስታወቱን ፊደል ነው። ወረቀቱን ተቀብዬ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፤ ክንዴን ዘርግቼ አራቅኩት፤ ወደ ፀሐይ አዞርኩት። ከዚያ ያደረግኩትን ነው እስከ ዛሬ ስውጠው የኖርኩት። ሁለት ጣቴን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩና ከፈት አደረግኳቸው።

ፊደሉ አላበጠም።

ጠባቂው ምን እንደማደርግ አልገባውም። ሐያት ግን ገብቷታል። በሌላ ቀን ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልላ ትስቅብኝ ነበር። አልሳቀችም። ዓይኔን ብቻ አየችኝ፤ እኔም ወረቀቱን የማነብ መሰልኩ።

ጠባቂውን «አንዴ ደግመህ በቃል ጠይቃት» ብዬ ለመንኩት። ምስጢሬን ሁሉ ይስማው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነው። «ኸላስ፣ ስም ጥሪ ተጀምሯል፤ ማዓሌሽ» አለኝ። ከእንግዲህ አይሆንም፣ ይቅርታ፣ እንደማለት ነው።

የሚያነብልን ሰው ፍለጋ ወደ መንገዱ ወጣን። በደህናው ጊዜ በየጥጉ አንዲት ሐበሻ ሻይ ሻጭ አትጠፋም። ያን ሰሞን ግን አፈሳውን ፈርተው ሁሉም ተሰውረዋል። ሁለት የአገሬ ልጆች የሚመስሉ ጎረምሶች ሲያልፉ አየሁና «ወንድሞቼ!» ብዬ ተጣራሁ። እርምጃቸውን ጨመሩ። አልፈርድባቸውም። ፖሊስ ቤት በር ላይ በአማርኛ የሚጣራ ሽማግሌ ቢያጋጥመኝ እኔም በዚህ ጉልበቴ እሮጥ ነበር።

ሐፍላ ይዘን ወደ አል-ሳሃፋ ተመለስን። መኪናው በየጣቢያው ይቆማል፤ ሰው ይጭናል፤ ረዳቱ ጣቱን እያጮኸ ይጣራል። ሐያት ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ መንገዱን ሙሉ ታየው ነበር፤ አንድ ፊደል እንኳ ብትለይ ብላ። «ይቺ ደ ትመስላለች» አለችኝ በመጨረሻ። ትክክል ነበረች። ብቻዋን ግን «ደ» የት ታደርሳለች?

ቤቴ ገብቼ መሳቢያውን ስዘረግፍ መነጽሩ ከአሮጌ ቻርጀሮች ሥር ተገኘ። አንድ እግሩን በእጄ ይዤ ደግፌ አነበብኩ።

«በሐያት ደብተር ውስጥ ነው። ቶሎ በሉ።»

ስድስት ቃል ናት። ያን ሁሉ መንገድ የተመለስነው ለስድስት ቃል ነው።

«የቱ ደብተር?» አለች ሐያት። «እኔ እኮ ደብተር የለኝም።»

በሪክሻ፣ በባጃጅ ማለት ነው፣ ካላክላ ደረስን። ሌሊት ያገላበጠችውን ሳጥን እንደገና ከፈትን። ከሥሩ፣ ከዘሃራ ጥሩ ልብስ በታች፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ሐያት ሌሊት አይታዋለች፤ የድሮ ወረቀት ነው ብላ አልፋዋለች። ስንፈታው የሐያት የመጀመሪያ ዓመት ደብተር ነው፤ ታብሌቱ ከመምጣቱ በፊት የጻፈችበት። ካርዱ ከመካከሉ ወደቀ።

እናትየው ማንበብ ባትችልም፣ ልጇ የጻፈችበትን ብቸኛ ደብተር እንደ ቅርስ አስቀምጣው ነበር። ማንም የማይከፍተው ቦታ እሱ እንደሆነም አውቃለች። ካርዱ በነበረበት ገጽ ላይ የሐያት ወፋፍራም ፊደሎች አሉ፤ ከሥራቸው በቀይ እስክሪብቶ የኔ ጽሑፍ፦ «ጎበዝ ሐያት! እጅሽ እንዳይቦዝን።» ከዚያ ገጽ በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ ነው።

ተመልሰን ፖሊስ ቤቱ በር ስንደርስ ያው ጠባቂ ተነስቶ ተቀበለን። ካርዱን ከሩቅ አውለበለብኩለት። ራሱን ነቀነቀ።

«ሄዱ፣ ያ ሐጅ። አሁን፣ ከሶላት በፊት።»

ሐያት አላለቀሰችም። «ኡስታዝ፣ ጠረፉ ሩቅ ነው?» ብቻ አለችኝ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ ያውም በአንድ እግር መነጽር፤ በአንድ በኩል እየወረደብኝ።

ዘሃራ ከአራት ቀን በኋላ በሰው ስልክ ከመተማ ደወለች። መመለሻ እንደሌላት ተነግሯት ነበር፤ ወደ ወሎ ወላጆቿ ጋ ልትሄድ ነው። አልወቀሰችኝም። «ጋሼ፣ አደከምኩዎት። ካርዱን አገኛችሁት ወይ?» አለችኝ። «አገኘነው» አልኳት። ለምን እንደዘገየን ስትጠይቀኝ «መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር» አልኳት። የዋጥኩት ግማሽ ይሄ ነው። ዘሃራ፣ መንገዱ ክፍት ነበር።

ሐያትን የአባቷ እህት ወደ ኦምዱርማን ወሰደቻት። ልትሰናበተኝ ስትመጣ ደብተሩን አመጣችልኝ። «አንተ ጋ ይሁን፣ ኡስታዝ። እኔ ስንቀሳቀስ ይጠፋብኛል» አለች። እኔም ወደ ጠመኔዬ ተመለስኩ። አንዳንድ ወላጆች «ኡስታዝ ጊዜው አልፎበታል» ብለው ልጆቻቸውን አስወጡ። እውነታቸውን ነው፤ ጊዜዬ አልፏል። የነሱ ልጆች ግን ዛሬም ኮከብ እየሰበሰቡ ይሆናል።

መነጽሬን አስጠግኜ በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ይዤው እተኛለሁ። ጠዋት ጠዋት የሐያትን ደብተር አወጣና ከባዶዎቹ ገጾች በአንዱ ላይ፣ በቦዘነ እጄ፣ ያችን የእስር ቤት መልስ እገለብጣለሁ። ራሴን አርማለሁ። እስካሁን ከአሥር ሦስት በላይ ሰጥቼው አላውቅም፤ አዛኝ አራሚ አይደለሁም። የመጀመሪያዎቹን አራት ቃላት ደህና አድርጌ እጽፋቸዋለሁ። «ቶሎ በሉ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን እጄ ይቆማል።