ዓርብ የማትቀምሰው

ወልቂጤ፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ የሐጂ ክትፎ ቤት መቀመጫ አይገኝበትም። ክትፎውን የምትለውሰው ሴትዮ ግን ካቶሊክ ናት። ስሟን አላውቅም። ከጓዳው በር አጠገብ ስለምቀመጥ እጇን አውቃለሁ። አንገቷ ላይ የእመቤታችን ሜዳልያ በጥቁር ክር ተንጠልጥሏል፤ ቅቤ እንዳይነካው ወደ ጀርባዋ አዙራው ነው ሥራ የምትጀምረው።

በሌላው ቀን ቀመስ አድርጋ ታወጣለች። ዓርብ ግን ሥጋ አፏ አይገባም። ሚጥሚጣውን አሽትታ፣ ጨውን በጣቷ ዳስሳ ትጨርሳለች።

ባለፈው ዓርብ አንድ እንግዳ ይህን ሰማና የቀረበለትን የክትፎ ጣባ ገፋ። "ሠሪዋ ያልቀመሰችውን እኔ አልበላም!"

ሐጂ ጣባውን ይዘው ጓዳ ገቡ። "ልጄ፣ አንዴ ቅመሺለትና ይረፍ። የቤተ ክርስቲያንሽ አባም ለሥራ ከሆነ ኃጢአት የለውም ብለውሽ የለ?"

"ብለዋል። እንግዲያው መጥተው እሳቸው ይቅመሱ።"

"እንጀራሽ እኮ ነው!"

እጇን ታጠበች። ሽርጧን ፈታችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"ሐጂ፣ ዓርብን የተሳልኩት ሥጋ በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል ብቻ በማገኝበት ጊዜ ነው። ዛሬ እስከ ክርኔ ሥጋ ውስጥ ስለገባሁ ላፍርሰው?"

 ሐጂ ከጣባው በማንኪያ ቆንጥረው ቀመሱ። እንደገናም ቀመሱ።

"ምንም አልጎደለውም" አሉ።

"አውቃለሁ" አለች፣ ሽርጧን መልሳ እያሰረች።