መልአኩ የሞላው ጉድጓድ

ባሌ መልአኩ ድልድይ ሲያይ መንገዱን ይረሳል። ሰው ሱቅ ያያል፣ እሱ ድልድይ ሥር ገብቶ ግንብ ይደባብሳል። «ከመቶ ዓመት በፊት እኮ ሰዎች በብረት ሣጥን ውስጥ ተዘግቶባቸው፣ ወንዙ ሥር ወርደው ነው ይህን መሠረት የቆፈሩት!» ይለኛል። እኔ ደግሞ ወደ ሰፈራችን ወደ ላንሲ የሚመልሰን አውቶቡስ ሊያመልጠን ነው፤ «ኧረ በሞቴ ና፣ ብርዱ ገደለኝ!» እላለሁ።

ጄኔቫ ከመጣን ጀምሮ ሲሚንቶ ሲያቦካ ነው የኖረው። አምና በብርዱ ወራት ግን አርቭ ወንዝ ላይ ያለ አንድ አሮጌ ድልድይ እግሩን ውሃ ቦርቡሮት ሥሩ ጉድጓድ ሆኖ ነበርና፣ ጉድጓዱን በድንጋይ ለሚሞሉት ሠራተኞች አለቃ አደረጉት። ለመጀመሪያ ጊዜ አለቃ ሆነ! እሁድ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤው ፊት ቆሞ መሰከረ፤ እልልታው ሌላ ነበር።

የልጃችን የሩሐማ ጥምቀት ሲደርስ ታዲያ ምእመናኑ፣ «ወንድማችን የሠራው ቦታ እያለ የት እንሄዳለን?» አሉ። ከድልድዩ እግር ጀርባ ውሃው ጸጥ ያለ ነው። መልአኩም ደረቱን ነፍቶ እሺ አለ።

የጥምቀቱ ዕለት ጠዋት የሚያጠምቋት ፓስተር አስፋ ከዙሪክ በባቡር መጡ። ሩሐማ ነጭ ለብሳ ቆማለች፣ መዝሙሩም ተጀምሯል። መልአኩ ግን ዓይኑን ከውሃው አይነቅልም። ሰሞኑን የተራራው በረዶ ቀልጦ ወንዙ ሞልቶ ነበር።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«የሞላናቸው ድንጋዮች መኖራቸውን እንጃ፤ ውሃው ሳይወስዳቸው አልቀረም።»

ደሜ ፈላ። «ይሄን አሁን ነው የምትነግረኝ?»

«አፍሬ ነው» አለ።

ወገቡን በገመድ አሠረ፤ ወንድሞች ጫፉን ያዙለትና ብቻውን ገባ። እስከ ደረቱ ሄደ። ትንሽ ገፋ ሲል ድንገት ጠፋ። «ኢየሱስ!» ብዬ ጮኽኩ። ጎትተው ሲያወጡት ከንፈሩ ጠቁሮ ይንቀጠቀጣል። ትንፋሹ መለስ ሲልለት ቆመና ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ፣ «ሥራዬ አልያዘም። ጉድጓዱ እንደነበረ ነው። ልጄን እዚህ አላስገባም» አለ።

ምስክርነት በሰማ ቁጥር አሜን ማለት የለመደ ሕዝብ ለዚህ ምን ይበል? እኔ አለቀስኩ፤ በመትረፉም አለቀስኩ፣ በመዋረዱም አለቀስኩ።

ሩሐማ እርጥብ እጁን ያዘችው። «ፓፓ፣ እኔ ዛሬ መጠመቅ እፈልጋለሁ። ያንተ ቦታ ባይሆንም ችግር የለም።»

ወረድ ብሎ ጠጠር ያለበት ዳር ወሰዳት። ውሃው ከጉልበት ስለማያልፍ ልጅቷ ቁጭ ብላ ነው የተጠመቀችው። ፓስተሩ «ወንድም መልአኩ፣ ና አንተም ያዛት» አሉት። ወደ ኋላ ሲያስተኟት ጭንቅላቷን በሁለት እጁ ደገፈ። ቀና አለች፣ ፊቷን ጠረገች፣ ሰዉም እልል አለ። የእሱ እጆች ግን ከራሷ አልተነሱም።

«በቃ፣ ተጠምቃለች። ልቀቃት» አሉት ፓስተር አስፋ ቀስ ብለው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትንሽ ልያዛት» አለ።