የታመሰው ብቅል

ባሌን አምስት ቀን ያስራብኩት እኔ ነኝ። ይህን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁንም የምጽፈው በቀን ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ነው።

ራቤል በምትባል ትንሽ ከተማ የሳይንስ አስተማሪ ነበር። ጊዜው የደርግ ነው፤ ስኳር በቀበሌ እየተመጠነ የሚታደልበት፣ ከአውራጃ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት የሚጠየቅበት። በዚያ ዓመት ጉሮሮው እየጠበበ ሄደ። መጀመሪያ እንጀራ አልወርድ አለው፣ ቀጥሎ ገንፎ። ደብረ ብርሃን ወስጄው የመረመሩት ሐኪም ለአዲስ አበባ ጻፉለት፤ ቀጠሮው ለታኅሣሥ መጀመሪያ ሆነ። እኔን ለብቻዬ ጠርተው፣ "ቀዶ ጥገናውን የሚችል ሰውነት ይዞ ይሂድ። ከዚህ በላይ ከከሳ ደፍሮ የሚቀድደው የለም" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ አንድ ብቻ ሆነ፤ እስከ ቀጠሮው እንዳይከሳ ማድረግ።

የሚወርድለት አጥሚት ብቻ ነበር። ሳወፍረው ያንቀዋል፤ ሳቀጥነው ውሃ ነው፣ ጉልበት አይሆነውም። የወሩ ስኳራችንም አልቋል። የኅዳር ሚካኤል ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ትራስ ተደግፎ እንደ ተቀመጠ፣ "ብቅል ፈልጊልኝ" አለኝ።

"ጠላ ልትጠጣ?"

"አጥሚት ላቀጥን። ወፍራም አድርገሽ ሥሪውና አንድ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምሪበት። ቀጥኖ ይፈሳል፤ እህሉ ግን እዚያው ነው።"

ሰፈሩ ለሚካኤል ጠምቆ ብቅሉን ጨርሷል። ጎረቤታችን ወደነበሩት አሮጊት ሄድኩ።

"እትዬ፣ ብቅል ይኖርዎታል?"

"ባልሽ እንዲህ ተኝቶ ነው ጠላ ያማረሽ?"

"ለእሱ ነው።"

"ጉድ ነው! እንጀራ እምቢ ያለ ጉሮሮ ጠላ ሊቀበል? አስተማሪ እኮ ታሞም አያርፍም" እያሉ ከጓዳቸው ሁለት እፍኝ አወጡልኝ። "ሌላ የለኝም፤ እንዳትመለሺ።"

ቤት ገብቼ ሳሸተው ጥሬ ጥሬ ይላል። እኛ አገር የሚበላ ገብስ መጀመሪያ እሳት ያያል። የበሶውም የአጥሚቱም እህል ሳይታመስ አይፈጭም። ጥሬ እህል እንዴት ለበሽተኛ ሆድ ይሰጣል ብዬ ሁለቱንም እፍኝ ምጣድ ላይ አፈሰስኩና ቡናማ እስኪሆን አመስኩት። ሽታው ደስ ይል ነበር። ፈጭቼ ጨመርኩበት። አጥሚቱ ምንም አልሆነ። የቀረውን ሁሉ ጨመርኩ፤ ጭራሽ ወፈረ።

ሳህኑን ወደ አፍንጫው አስጠጋና ቀና ብሎ አየኝ።

"አመስሽው?"

"ታዲያ ጥሬውን ልስጥህ?"

ዓይኑን ጨፈነ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣም፤ በቀጠነ ድምፁ እንደ ተማሪው ያስረዳኝ ጀመር። ገብስ ሲበቅል ኢንዛይም የሚባል ነገር ያወጣል አለኝ። እህሉ ውስጥ የተከማቸው ስታርች ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ኢንዛይሙ ሰንሰለቱን እየቆራረጠ ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ቆርጦ ቆርጦ እሱ ራሱ አያልቅም፤ ለዚህ ነው አንድ ማንኪያ ለአንድ ድስት የሚበቃው።

"ብርድ ላይ ሥራው ይዘገያል፤ ሲሞቅለት ይፈጥናል። እሳት ሲበዛበት ግን ቅርጹ ይፈርሳል" አለኝ።

"ባቀዘቅዘውስ?"

"የተቀቀለ እንቁላል ስታቀዘቅዢው ጥሬ ይሆናል?"

ያን ጊዜ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። ገብስ ቤታችን ሞልቷል፤ ብቅል እስኪሆን ግን ቀን ይፈልጋል። የዚያኑ ዕለት ነከርኩ። በማግስቱ አጠንፍፌ በጆንያ ጠቀለልኩት። ኅዳር ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሜዳው በውርጭ ይነጣል፤ በዚያ ብርድ ቶሎ እንደማይበቅል ስለማውቅ ጥቅሉን ከብርድ ልብሱ ሥር፣ ከጎኑ አስቀመጥኩት። ትኩሳት ነበረበት።

"የታቀፈች ዶሮ አደረግሽኝ" አለ። ሊስቅ ሲል ሳሉ መጣበትና ጎኑን ይዞ ቆየ።

ሦስት ቀን ታቀፈው። በእነዚያ ቀኖች የወሰደው ቀጭኑን አጥሚት ነበር፤ እሱንም በማንኪያ። ጥቅሉን ገልጬ ሥሩን ባየሁ ቁጥር ክንዱንም አያለሁ። ሥሩ ይረዝማል፣ ክንዱ ይቀጥናል። በአምስተኛው ቀን ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ ምጣድ ሳላስነካ ፈጨሁት።

ወፍራም አጥሚት ሠርቼ ድስቱን ከእሳት አወረድኩ። እንዳዘዘኝ ጣቴን ነክሬ እስከ ሦስት መቁጠር እስክችል ጠበቅኩ፤ ከዚያ አንድ ማንኪያ ጨምሬ ማማሰል ያዝኩ። ጥቂት እንደ ቆየሁ ይከብደኝ የነበረው ማማሰያ በእጄ ላይ ቀለለ። አጥሚቱ እንደ ወተት ፈሰሰ። አልቅሼ ነበር።

"አሁን መልሰሽ አፍይው" አለኝ። "ሥራውን ጨርሷል፤ ከእንግዲህ ቢሞትም ግድ የለም።"

ሁለት ኩባያ ጠጣ። "ስኳር ከየት አመጣሽ?" ብሎ ቀለደብኝ። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ጠጣ። ድምፁ ተመለሰ። የይለፍ ወረቀቱም ማኅተም ተመቶበት እጄ ገባ። ልንሳፈር ሁለት ቀን ሲቀረን፣ ጠዋት የሰጠሁት ውሃ በአፍንጫው ተመለሰ። አጥሚቱን ሞከርኩ፤ እሱም ተመለሰ። ጉሮሮው ጨርሶ ተዘግቶ ነበር። በምን አቅሙ አውቶቡስ ይሳፈራል? የቀጠሮው ቀን ሲደርስ እኛ ቤት ድንኳን ተተክሎ ነበር።

ከአርባው በኋላ፣ ቤታችን እየመጣ መርፌ ይወጋው ወደነበረው ጤና ረዳት ክሊኒክ ሄድኩ። ብቅሉን እንዳመስኩት ነገርኩት። "አምስት ቀን ቀድሞ ቢጠጣ ኖሮ፣ ትንሽ በርታ ብሎ፣ ከቀጠሮው በፊትም ቢሆን ልወስደው እችል ነበር ወይ?" አልኩት።

"እህቴ፣ የገደላቸው በሽታው ነው። አምስት ቀን ምንም አይለውጥም" አለኝ።

እያወቀ ይሁን አዝኖልኝ ይሁን ለመለየት ፊቱን ተመለከትኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ መርፌዎቹን መቀቀል ጀመረ። ደብረ ብርሃን ድረስ ሄጄ ሐኪሙን መጠየቅ እችል ነበር። አልሄድኩም። እሳቸው ሌላ መልስ ቢሰጡኝ የት እንደምገባ አላውቅም።