ስልኬ ያላወቀው ኅዳር ጽዮን

ከግምጃ ቤት ወዲያ ባለች ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሳለሁ፣ ዳንግላ ለሥልጠና ጠርተው ስልክ ሰጡን። ነፍሰ ጡር የወር አበባዋን መጨረሻ ያየችበትን ቀን ከሞላንለት፣ የመውለጃዋን ጊዜ ራሱ ያሰላል። ኮራሁበት። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው ብዬ ሳያስፈልገኝ ሁሉ አወጣው ነበር።

ነሐሴ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ቤት ሄድኩ። የመጀመሪያ ልጇ፣ ምጥ ጸንቶባት ወንዙም ሞልቶ መሻገሪያ ጠፍቶ፣ እቤት ውስጥ ነው የሞተባት። ዘንድሮም ወንዙ ከቀን ቀን እየጨመረ ነው። ስልኬን አየሁና፣ «አይዟችሁ፣ ገና አራት ወር ይቀራታል» አልኩ።

አማቷ ቀና ብለው አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ ሆዷን አታዪም? መጨረሻ ያየችው ለኅዳር ጽዮን ነው። እስቲ ቁጠሪው።»

«እማማ፣ ይኼ እኮ አይሳሳትም» አልኳቸው። ግን በጣቴ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ወር ሞላ።

ያኔ ስህተቱ ገባኝ። ኅዳርን ሦስተኛ ወር ብዬ ሞልቻለሁ፤ ስልኩ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ሦስተኛ ወር ነው፣ እኛ መጋቢት ላይ የምንደርስበትን። ያስተማሩኝን ረስቼ የሳትኩት እኔው ነኝ። አፍሬ ለአማቷ ነገርኳቸው። «ዛሬውኑ ትሻገር» አሉ።

የሰፈሩ ሰዎች በቃሬዛ አሻገሯት፤ ከመንገዱ ጋሪ ይዛ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ገባች። እኔ የቀሩትን ነፍሰ ጡሮች ቀን ቤት ለቤት እየዞርኩ፣ አማቶቹን እየጠየቅሁ አረምኩ። ቀናቸው የደረሰ ሌሎች ሁለት ሴቶች አገኘሁና እነሱንም ላክሁ።

በሳምንቱ ወንዙ ሰው የማያሻግር ሆነ። በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ ከጤና ጣቢያው አዋላጇ ደወለችልኝ። «ጸንቶባት ነበር፤ በመሣሪያ አግዘን አዋለድናት። እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ሴት ናት።»

እያለቀስኩ አማቷ ቤት ሮጥኩ። በእኛ ዘንድ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልልታ ነው። እሳቸው ደጃፍ ወጥተው ሰባት ጊዜ አቀለጡት። ጎረቤት ተሯሩጦ መጣና «ወንድ ነው?» አላቸው።

«ሴት ናት» አሉ። «በሕይወት መጥታልኛለች፤ ገና እጨምራለሁ።»