የአቢጋኤል እጅ

ሻሺቱ ስምንት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ስትቀመጥ ስሟ አንድም ቀን በተማሪዎች መዝገብ አልሰፈረም። መዝገቡን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ይህን በርግጠኝነት እናገራለሁ። ከመስከረም 2008 እስከ ሚያዝያ 2015፣ በኮሮና የተዘጋውን ጊዜ ሳንቆጥር፣ ከክፍል የቀረችው አርባ ሦስት ቀን ነው። ቁጥሩን ያገኘሁት ከልጇ ከአቢጋኤል የስም መጥሪያ ላይ ነው። ልጅቷ ከመጣች እናት አለች፤ ልጅቷ ከቀረች እናትም የለችም።

አቢጋኤል ስትወለድ ምጡ ረዝሞ ታፍና ነበር። ከዚያ በኋላ እጅና እግሯ አልታዘዝ አሏት። ንግግሯንም ከእናቷ በቀር የሚለየው ሰው አልነበረም። ሻሺቱ የጨንቻ ልጅ ናት። ካሱ የሚባል ሸማኔ አግብታ ወደ ከተማችን የታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ ስትወርድ አማርኛዋ ለገበያ ያህል ነበር፤ ፊደል ደግሞ ጭራሽ አልቆጠረችም። ልጇን ባሏ በሸመነው ቡልኮ አዝላ ዳገቱን ወጥታ ላይኛው ሰፈር ሴቻ የደረሰች ቀን፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ሲስተር ዓለምጸሐይ በር ላይ አገኘቻት።

«ሲስተር፣ እኛ ጴንጤ ነን። ትቀበሉናላችሁ?»

«እሱን ተይውና፣ ልጅቷ ፊደል ትይዛለች?»

«ከእኔ ትሻላለች።»

እናት ከጎኗ ተቀምጣ ልጅቷ የምትላትን እንድትጽፍላት ተፈቀደ፤ መምህራኑ ግን ትልቅ ሰው ክፍል ውስጥ መቀመጡን አልወደዱትም። ስለዚህ አንድ የስምምነት ወረቀት አዘጋጀሁ። እናት ክፍል ውስጥ አትናገርም። መምህር ለጠየቀው አትመልስም። ልጅቷ ከነገረቻት በቀር አንዲት ፊደል አትጽፍም። አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና የቀኝ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ አተመች።

አናጺው እንድሪያስ ልጁ አብራት ስለምትማር፣ መደገፊያና ማሰሪያ ያለው ረጅም ወንበር ለሁለቱ ሠራላቸው። የወላጆች ኮሚቴ ባጃጅ ያላቸውን አባቶች ጠርቶ ተራ አወጣ። ጠዋት ከሲቀላ የሚያወጣቸው ሰው ሳይጠፋ ስምንት ዓመት አለፈ። ልጆቹ ደግሞ ሻሺቱን «ሞኒተር» አሏት። መምህር ሲዘገይ የረባሽ ስም የምትጽፍባቸው ይመስል «ሞኒተር አለች፣ ዝም በሉ!» ይባባሉ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ከሁለቱ ወደ ኋላ የቀረችው እናትየው ናት። ልጅቷ ፊደሉን በዓይኗ ለቅማ ስትጨርስ እናት ገና እርሳስ አያያዝ ትለምድ ነበር። ሻሺቱ የአንዱን ፊደል እግር ስትረሳ አቢጋኤል ከጉሮሮዋ የሚወጣ አንድ ሳቅ ነበራት። ክፍሉ ያንን ሳቅ ስለሚያውቀው «ሞኒተር ተሳሳተች!» ብሎ አብሮ ይስቃል። ሻሺቱ ታጠፋና እንደገና ትጽፋለች። የዚያ ዓመት ደብተር አሁንም ፋይሉ ውስጥ አለ፤ ከየካቲት በኋላ ባሉት ገጾች ላይ ፊደሎቹ ቀጥ ብለዋል።

አራተኛ ክፍል ሲደርሱ መምህር ዳልጮን ነገሩ ከነከነው። «ይሄ ሁሉ ዘጠና የማን ነው? የልጅ ነው የእናት?» አለኝ። አንድ ጠዋት ሻሺቱን ወደ ግቢ አስወጣትና ከራሱ የፈጠረውን ተረት ለልጆቹ አወራ፤ አባያ ሐይቅ ውስጥ አዞ ሲያገባ ጉማሬ ሚዜ ሆኖ ስለሄደበት ሰርግ። ከዚያ ሻሺቱን አስገብቶ አምስት ጥያቄ ሰጠ። ልጅቷ በእናቷ ግራ ጆሮ ላይ አጉተመተመች። ሻሺቱ አንድ መስመር ጻፈችና ብዕሩን አስቀምጣ ግንባሯን ዳበሰቻት። ከዚያ የተከለከለችውን ረስታ ተናገረች።

«መምህር፣ ልጄን ትኩሳት ይዟታል። ጉማሬ ሚዜ ሆነ ትላለች።»

«ጻፊ!»

«ሙሽራዋን ረግጦ ቬሎዋን ቀደደ ትላለች እኮ!»

«ያለችሽን ጻፊ አልኩሽ!» ዳልጮ ሳቁን መያዝ አቅቶት ነበር። አምስቱም ልክ ሆኑ። ወረቀቱን ራሱ አምጥቶ «ይህን ፋይል ውስጥ አስገባ፤ ማንም እንዳይጠራጠራት» አለኝ። አስገባሁት።

ጥርጣሬው አለቀ፤ የሻሺቱ ዝምታ ግን አላለቀም። ልጅቷ ስታመነታ እናት መልሱን እያወቀች ትጠብቃለች። አንዴ ስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ተሳስቶ ክፍለ ጊዜው በስሕተቱ አለቀ። በመውጫዋ ወደ ቢሮዬ ብቅ አለች።

«ጋሼ ክብሩ፣ ሰው ሳይናገር ቢቆይ ይፈነዳል?»

«የፈረምሽው ወረቀት አለ፣ ሻሺቱ።»

«መች ፈረምኩ? ጣቴን ነው የነከርኩት» ብላ ሄደች። ቤት ስትገባም ካሱ ከመሸመኛው ጉድጓድ ሆኖ «ተማሪ፣ የቤት ሥራሽን ጨርሰሻል?» ይላታል አሉ። ጎረቤት ይስቃል። ጥጥ ይጠብቃታል፤ ፈትላ ካልሰጠችው እሱ አይሸምንም።

አቢጋኤል ሚያዝያ 2015 ስምንተኛ ክፍል ሳለች በሳንባ ምች ታመመች። በአራተኛው ቀን አረፈች። ለክልላዊ ፈተና የተነሳችው ፎቶግራፍ ከፎርሙ ጋር ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ሲቀላ ወርዶ ቀበራት። እኔ ፋይሏ ላይ «በሞት የተለየች» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ቃል በዚያ ዓመት ስጽፍ ሁለተኛዬ ነበር፤ መጀመሪያ የጻፍኩት ጥር ላይ ባለቤቴ ሣራ ስታርፍ በቀበሌው ፎርም ነው።

ሐዘኑ በተነሳ በሰኞው ሻሺቱ መጣች። ጀርባዋ ላይ ምንም አልነበረም። ክፍል ገብታ እንድሪያስ በሠራው ወንበር ላይ፣ በራሷ በኩል፣ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ማክሰኞም መጣች። ረቡዕ ሲስተር ዓለምጸሐይ ጠራችኝ።

የቤተሰብ ድጋፍ ክፍላችን ሠራተኛ አበራሽ ወደ ሐዋሳ ተዛውራ ቦታው ክፍት ነበር። ሥራው ከትምህርት የቀሩ ልጆችን ቤት ለቤት እየሄዱ መጠየቅ፣ የታመመ ወላጅ ካለ ማየት ነው። የቱ ልጅ የት እንደሚኖር ከሻሺቱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ደንቡ ግን ቢያንስ ሰባተኛ ክፍል የጨረሰ ይላል።

«ስምንት ዓመት ዓይናችን እያየ ተምራለች» አለች ሲስተር። «አንድ ማስረጃ ጻፍላት።»

«በየትኛው ውጤት?»

ከአቢጋኤል ውጤት በቀር ሌላ ውጤት አልነበረም።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። መንገዱ አንድ ብቻ ነበር። ከመጀመሪያ ጀምሮ መልሱን ስትመልስ የኖረችው እናት ናት የሚል ቃል ሻሺቱ ፈርማ ብትሰጥ፣ ውጤቱ ወደ እሷ ይዞራል፤ የልጅቷ መዝገብ ይሰረዛል። ውሸት መሆኑን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሆኖም ጻፍኩት። በዚያ ወር የሞተ ሰው ወረቀት አያስፈልገውም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ከባሏ ጋር መጡ። ወረቀቱን ሰጠኋት። አሁን የሚያነብላት ሰው አላስፈለጋትም። አንብባ ስትጨርስ ወደ መጀመሪያው መስመር ተመለሰች።

«የእሷስ?»

«ይሰረዛል።»

«ምኑ?»

«ውጤቷ። ከአንድ እስከ ሰባት።»

ካሱ ወደ ፊት ሳብ አለ። «ፈርሚ እንጂ ሻሺቱ! ልጄ አይደለችም ወይ? እኔስ አላዘንኩም? ግን ዘላለም እዚያ ወንበር ላይ ልትቀመጪ ነው? ሰዉ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያ በዚህ ወረቀት ውጪበት! ደግሞ ማነው የጻፈው? ጣትሽ ነው የሻከረ፣ የእሷ አይደለም።»

ሻሺቱ እጇን አየችው። ቀጥሎ የተናገረችው ለእኔ ነበር።

«ጋሼ፣ ያ የጉማሬው ወረቀት አለ?»

አውጥቼ ሰጠኋት። ቀለሙ ደብዝዟል። ሁለተኛው መስመር ላይ ተጽፎ የተሰረዘ ቃል አለ፤ ያኔ ማመን አቅቷት ሰርዛ እንደገና የጻፈችው ነው።

«ይሄንንም እኔ መለስኩ ልበል?»

ወረቀቱን ወደ ካሱ አዞረችው።

«እኔ እኮ ውጪ ነበርኩ» አለች። «ከዛፉ ሥር ቆሜ ነበር። ተረቱን እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም። እሷ ካልነገረችኝ ከየት አመጣዋለሁ? ስሜን መጻፍ ያስተማረችኝ እሷ፣ በዚያው ስም ልሰርዛት?»

ካሱ ተነስቶ ወጣ። ደጅ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ሻሺቱ ያዘጋጀሁትን ወረቀት ሳትፈርም አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ ተወችልኝ። የጉማሬውን ግን ራሷ ፋይሉ ውስጥ መለሰችው። በሚቀጥለው ወር ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠን። እሷ ወደ ጥጧ ተመለሰች።

በቀጣዩ ጥቅምት የወላጆች ኮሚቴ ከሰዓት በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ከፈተ። ክፍሉ ልጆቹ ሲወጡ ባዶ የሚሆነው የአንደኛ ክፍል ነው። ማስረጃ የሌለው ከፊደል ይጀምራል፤ ፈትነን ከፍ ማድረግ አልተፈቀደልንም። ከተመዝጋቢዎቹ መጨረሻ ሻሺቱ መጣች።

«ከፊደል ነው የሚጀምረው» አልኳት።

«ሰምቻለሁ።»

«ሰባት ዓመት ይፈጅብሻል።»

«መቀመጥ እንደሆነ ለምጃለሁ፣ ጋሼ።»

ስሟን ጻፍኩ። ዕድሜ፣ ሠላሳ ዘጠኝ። የሥራ ዓይነት፣ ፈትል። ከዚያ «የቀድሞ ትምህርት» የሚለው ሣጥን ጋ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። እጄን እያየች ጠበቀች።

«ምን ልጻፍ?»

«ያለውን ጻፋ።»

«የለም» ብዬ ጻፍኩ። መዝገቡን ወደ እሷ አዞርኩላት። እዚያው ቃል ሥር፣ በስምንት ዓመት የፈተና ወረቀቶች ላይ በማውቀው ቀጥ ያለ ጽሕፈት፣ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች።

ትምህርቱ በተጀመረ ቀን በክፍሉ መስኮት አለፍኩ። ወንበሮቹ ለሕፃን የተሠሩ ስለሆኑ ጉልበቷ ከጠረጴዛው በላይ ወጥቶ ነበር። የሚያስተምረው ዳልጮ ሰሌዳው ላይ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ጻፈና «ገልብጡ» አለ። ሌሎቹ ጎንበስ አሉ። ሻሺቱ ደብተሯን ገልጣለች፤ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አስነክታለች። ጆሮዋን ወደ ግራ፣ ማንም ወዳልተቀመጠበት በኩል፣ ዘንበል አድርጋ ትጠብቅ ነበር።