ውሃ በሦስት ትንፋሽ

መጀመሪያ ያየሁት ጀሪካኑን ነው። ቢጫ ነበር፤ በእስር ክፍሉ በር ሥር ተቀምጧል። ሴቶቹን ያየኋቸው ዓይኔ ጨለማውን ከለመደ በኋላ ነው። አንዷ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ከዩኒቨርሲቲው ቢሮዬ ተማሪዎቼ እያዩ ነበር የወሰዱኝ። ጫማዬን በር ላይ አስቀርተውታል። ሀዋሳ ብርድ ያለበት አገር አይደለም፤ እኔ ግን እንቀጠቀጥ ነበር።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ተማሪዎች ሲታሰሩ ዝም አልልም ብላ ጽፋ ተደብቃለች። እርጉዝ ነበረች። ያለችው እዚሁ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ ካለችው ሰርቪስ ቤት ነው። ይህን የምናውቀው አክስቴና እኔ ብቻ ነን።

እኔ ደግሞ ራሴን አውቃለሁ። ጥርስ ሐኪም ቤት ወንበሩን ሳይ የማለቅስ ሰው ነኝ። ከመቱኝ እናገራለሁ፣ በቃ። የብረቱ በር በተንኳኳ ቁጥር ወደ ግድግዳው እጠጋለሁ። ጴንጤ ነኝና፣ በሐዋርያቱ ጊዜ እንደሆነው የወህኒው በር ይከፈት ብዬ ጮክ ብዬ ስጸልይ ሰነበትኩ። በሩ ግን የሚከፈተው ለምርመራ ሰው ሊጠሩ ሲመጡ ነው። ስለዚህ ጸሎቴን ቀየርኩ፤ እባክህ አይከፈት አልኩ።

ከጎኔ አንዲት የሻሸመኔ እናት ነበሩ። ወደ ባሌ ለዝያራ፣ የወሊዩን መቃብር ሊጎበኙ፣ ሄደው ሲመለሱ መናኸሪያ ላይ ነው የተያዙት። ዘያሪዎች የሚይዙት ጫፉ መንታ የሆነ በትር አለ፤ እሱ «መሣሪያ» ተብሎባቸዋል። ሲያወሩት ራሳቸው ይስቃሉ። መቁጠሪያቸውንም ስለወሰዱባቸው ዚክራቸውን የሚያደርጉት በጣታቸው አንጓ ነበር፣ ያለ ድምፅ።

ውሃ የምንጠጣው በየተራ፣ በተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ሌሎቻችን ቆመን ጭልጥ እናደርገዋለን። እሳቸው ቁጭ ይላሉ፣ ቢስሚላህ ይላሉ፣ ጎንጨት አድርገው ከአፋቸው ያነሱና ይተነፍሳሉ። ከዚያ ደግሞ ጎንጨት፣ ደግሞ ትንፋሽ። ውሃ በሦስት ትንፋሽ ነው፣ ነቢዩ እንደዚያ ነበር የሚጠጡት ይላሉ። ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት ነገረኛ፣ «እማማ፣ ውሃ እኮ ነው፣ ማር አይደለም» ትላቸዋለች። እሳቸው ግን አይቸኩሉም።

አንድ ቀን ጠባቂዋ ከምሳ በኋላ የምርመራው ተራ የኔ መሆኑን ነግራኝ ሄደች። ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ። እማማ ዞር ብለው አዩኝ።

«ፍርሃቱ የት ጋ ነው ያለው?»

«ሆዴ ውስጥ።»

«እጅሽን እዚያ አድርጊ። አታባርሪው፣ እዚያ መሆኑን እወቂ ብቻ። ጌታሽ ስትፈሪም ያይሻል።»

ተበሳጨሁ። የሚያስጨንቀኝ የሱ ማየት ሳይሆን የሰዎቹ ዱላ ነው አልኳቸው። አልተቀየሙኝም። ምን ደብቄ እንደያዝኩም አልጠየቁኝም። እንዳልዋሽ ብቻ መከሩኝ፤ አንዱ ውሸት ሌላ ይጠራል አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጥያቄው የነሱ ነው። ከመልሱ በፊት ያለችው ትንፋሽ ግን ያንቺ ናት። እሷን አትስጫቸው» አሉኝ።

መርማሪው ትሁት ነበር። እህቴ ይለኛል። ለኔ ወንበር አልነበረም፤ ቆሜያለሁ። ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አላገኘንም፤ እሱ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ከፍቶ አቀበለኝ።

«ሁሉን እናያለን» አለኝ። «የቀረን ያለችበት ቤት ብቻ ነው። ንገሪኝና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ።»

የአክስቴ ግቢ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እውነቱን ነው የምናገረው፣ ደርሶ ነበር። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ማን ተቀመጪ አለሽ?»

አንድ ጊዜ ጎንጨት አልኩና ተነፈስኩ። እጄ ሆዴ ላይ ነበር፤ ልቤ እዚያ የወረደ ይመስል ይመታል። ሁለተኛውን ስጎነጭ ጓደኛዬ ታየችኝ፤ በዚህ ሰዓት በጎኗ ጋደም ብላለች። ሦስተኛውን ጨርሼ ጠርሙሱን ከደንኩት።

«ቤቱን አውቀዋለሁ» አልኩ። «አልነግርዎትም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ አላነሳውም። ስመለስ ደግፈው ነው ያስገቡኝ። እማማ ማታ ከመጣው ውሃ የራሳቸውን ድርሻ አስቀርተውልኝ ነበር፤ ራሴን ቀና አድርገው ያዙልኝ። ከንፈሬ ስላበጠ በትንሽ በትንሹ ከመጎንጨት ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። «አየሽ፣ ለመድሽ» አሉኝ። ሳቄ መጣ፤ ስስቅ ደግሞ አመመኝ።

እሳቸው ቀድመውኝ ተፈቱ። በትራቸውን ይመልሱላቸው አይመልሱላቸው አላውቅም። እኔም ቆይቶ ተለቀቅሁ፤ ነገሩ ሲረግብ ጓደኛዬም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አሁንም በር በኃይል ሲንኳኳ እጄ ሳላዘው ወደ ሆዴ ይሄዳል። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ያለበትን ግን አውቀዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኛዬና ከልጇ ጋር ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ሄድን። ያኔ ስለሷ ጠይቀውኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ ብነግራት ይከብዳታል። ውሃ ስጠጣ ስታየኝ ቆየችና፣ «ምነው አንቺ፣ ውሃ እኮ ነው፣ ማር አይደለም» አለችኝ።

ልጇ ከት ብላ ሳቀች። እኔ ሦስተኛውን ተጎነጨሁ።